«ታማሚ ይዤ ነው»፦ የፍጥነት ክስ ሲጻፍብን የምንለውና የሚሰማልን

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። የተሳፈርኩበት አባዱላ ቢሾፍቱን አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ሰላምታ ሰጥቶ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። ሹፌሩ ፈቃዱን ከማውጣቱ በፊት «ወንድሜ፣ ታማሚ ይዤ ነው» አለ። ፖሊሱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ተመለከተ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያየን፤ ማን ይታመም? በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሁለት ጊዜ አሳሉ። መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ ፖሊሱም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ክሱን ጻፈ።

ሹፌሩ የቀረውን መንገድ ሲነጫነጭ ነበር። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። እውነተኛ ታማሚ ቢኖር ኖሮ ሕጉ ምን ይል ነበር? ሌሎቹ በየመንገዱ የምንሰማቸው ምክንያቶችስ፣ «ቁልቁለት ነው»፣ «ምልክቱን አላየሁም»፣ «ራዳሩ ተሳስቷል» የሚባሉት፣ የትኞቹ ክብደት አላቸው?

«ትራፊክ ከሰሰኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአሽከርካሪዎች ቋንቋ ክስ ማለት ትራፊክ ፖሊሱ ጽፎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚናገረው አጭር ነገር ነው፦ ይህ ሰው፣ በዚህ ታርጋ፣ በዚህ ቦታና በዚህ ሰዓት ከተፈቀደው በላይ ነድቷል። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች የክሱ ምሰሶ ናቸው። አንደኛው በዚያ ቦታ ለዚያ ተሽከርካሪ የተፈቀደው ፍጥነት ሲሆን ሁለተኛው መኪናው የነበረው ፍጥነት ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የሚመጣው ከሕግ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ መሠረቱን የጣለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ የቅጣቱ የብር መጠንም አብሮ ተቀይሯል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ወሰኑ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት መለያየቱን ነው። በአንድ መንገድ ላይ ለአውቶሞቢል የተፈቀደው ለከባድ መኪና አይፈቀድም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የወጣ ሰው «ያቺ ትንሽ መኪና በዚሁ ፍጥነት ስታልፍ ዝም አላችኋት» ቢል አቤቱታው ልብ ይነካ ይሆናል፤ ክሱን ግን አይነካውም።

ገንዘቡ የቅጣቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሌላው ገጽ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገበው የጥፋት ነጥብ ነው። ብሩ ተከፍሎ ይረሳል፤ ነጥቡ ግን እየተጠራቀመ እስከ ፈቃድ መታገድ ያደርሳል። በሹፌርነት ለሚተዳደር ሰው ከብሩ ይልቅ ይህ ነው የሚከብደው።

ማመካኛና መከላከያ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፤ አብዛኛው ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤት «አንድ ሺህ ብር ተበድረህ አልመለስክልኝም» ብሎ ቢከስዎት ሁለት ዓይነት መልስ አለ። «ልጄ ታሞብኝ ነው፣ ደመወዝ ዘግይቶብኝ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ይህ ምሕረት ሊያስገኝ ይችላል፤ ዕዳው መኖሩን ግን ራስዎ አረጋገጡ። «አልተበደርኩም» ወይም «ከፍያለሁ፣ ምስክሩም እገሌ ነው» የሚለው ሁለተኛው ነው። ይህ ዕዳውን ራሱን ይነቀንቃል።

የመጀመሪያው ማመካኛ፣ ሁለተኛው መከላከያ ነው። «ስለቸኮልኩ ነው» ያለ አሽከርካሪ «አዎ፣ ፈጥኜ ነበር» ብሏል። «ለቅሶ ልደርስ ነው»፣ «ሠርግ አርፍዶብኝ ነው»፣ «ሌላውም እንዲሁ ይነዳ ነበር» ሁሉም የእምነት ቃል ናቸው። ክሱ የሚጠይቀው «ፈጥነሃል ወይስ አልፈጠንክም?» ነው፤ መልሱ ስለ ለቅሶ ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው ይኸው ነው።

ማመካኛ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ፖሊሱ ሰው ነው፤ ጥፋቱ በጣም ትንሽ ከሆነ በምክር ሊያልፍ ይችላል። ይህ ግን የሚገኘው ከእርሱ ፈቃድ እንጂ ከአሽከርካሪው መብት አይደለም።

እውነተኛ ታማሚ ቢኖርስ?

እዚህ ላይ ሕጉ በር አለው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 75 አንድ መርህ አስቀምጧል፦ የራስን ወይም የሌላውን ሰው መብት ከደረሰና ከከባድ አደጋ ለማዳን የተፈጸመ ድርጊት፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ከነበረ፣ አያስቀጣም። ጎረቤት ቤቱ ሲቃጠል በሩን ሰብሮ ሕፃን ያወጣ ሰው በንብረት ማውደም አይጠየቅም እንደማለት ነው።

የመርሁ ክብደት ያለው «በሌላ መንገድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት መኪና ውስጥ ካለችና አምቡላንስ ተጠርቶ ካልደረሰ አንድ ነገር ነው። ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ዘግይቶ የተነሣ ታካሚ ሌላ ነገር ነው፤ ያኛው አደጋ ሳይሆን መዘግየት ነው። ደግሞም ማስረጃ ይጠይቃል። የጤና ተቋሙ ካርድ የገባበት ቀንና ሰዓት ስላለው ከመቶ መሐላ ይበልጣል። እኒያ ነጠላቸውን የሳቡት እናት ምንም ያህል ቢያስሉ ካርድ አልነበራቸውም።

«ምልክቱን አላየሁም» ያድናል?

ሁለት ነገሮች በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደባልቀዋል። «እዚህ ቦታ ወሰኑ ይህ መሆኑን አላውቅም ነበር» ከሆነ ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይናገራል። «ምልክቱ አልነበረም፣ ወድቋል፣ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል» ከሆነ ግን ክሱ የቆመበትን የመጀመሪያውን ቁጥር ይነካል፤ ማለትም መከላከያ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፎቶግራፍ ነው። በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት፣ ቦታው በሚለይበት ሁኔታ የተነሣ ፎቶግራፍ። ምልክት በሌለበትም ቢሆን ለዚያ መንገድ በደንቡ የተቀመጠው አጠቃላይ ወሰን እንደሚሠራ መዘንጋት የለበትም።

«ቁልቁለት ነው፣ መኪናው ራሱ ሮጠ»

ወደ አዳማ ለሚወርድ ሰው ይህ ከውሸት የራቀ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን አዳማ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢነሣም የጫነ መኪና ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ማርሽ የተሠራው ለዚህ ጭምር ነው፤ ዝቅ ባለ ማርሽ ሲኬድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል። በዚህ የተነሣ ቁልቁለት ፍጥነት ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመጨመር ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም።

«ነፋሱ ገፋኝ» የሚል ግን እስካሁን አልሰማሁም። ከአዳማ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለው ሲሽከረከሩ ለሚያይ ሰው፣ ከሌሎቹ ማመካኛዎች ይልቅ ይህኛው ለእውነት የቀረበ ይመስላል።

«ስልክ ላገናኝህ» እና «ለሻይ» የሚባሉትስ?

የመጀመሪያው «ዘመድ አለኝ» የሚለው ነው። ስልኩ ማዶ ያለው ሰው ማንም ቢሆን የመኪናውን ፍጥነት አላየም፤ ስለዚህ ስለ ክሱ የሚናገረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ከፍጥነት ጥፋት ወጥቶ ሌላ ወንጀል ውስጥ መግባት ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ይጠየቃል። በደንብ መተላለፍ ይጀመር የነበረ ጉዳይ እስራት ወደሚያስከትል ወንጀል ይሸጋገራል። «ሻይ» ብለን ስላሳነስነው ሕጉ አያሳንሰውም።

ራዳሩ ፍጥነቴን እንዴት ያውቃል?

አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ሳይረኑ አልተቀየረም። ወደ እኛ ሲመጣ የድምፁ ሞገዶች ይጠጋጋሉ፤ ሲርቅ ይራራቃሉ። ራዳር በድምፅ ፋንታ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ምን ያህል እንደተጠጋጋ ይለካል። በ24 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ በሴኮንድ 24 ቢሊዮን ንዝረት ይልካል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚህ ላይ የሚጨምረው 4,500 ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ይህችን ልዩነት መለየት ለኤሌክትሮኒክስ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ «ራዳር በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

«ፖሊሱ ከጎን ቆሞ ስለለካ ቁጥሩ ተዛባ» የሚል ክርክርም አለ። ይዛባል፤ ግን ለአሽከርካሪው ጥቅም ነው። ቆሞ የሚለካ ራዳር መኪናው ወደ እርሱ የሚቀርብበትን ፍጥነት ብቻ ነው የሚያየው። በ20 ዲግሪ ያህል ከጎን ከሆነ 100 የሚሄደውን መኪና 94 አድርጎ ያነበዋል። ይህን ክርክር የሚያነሣ ሰው፣ ሳያስበው፣ «ከተጻፈብኝም በላይ ነበር የምነዳው» እያለ ነው።

ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተለካው የማን መኪና ነው? የራዳር ጨረር እንደ ባትሪ ብርሃን እየራቀ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። 12 ዲግሪ የሚሰፋ ጨረር 200 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ40 ሜትር በላይ ስፋት ይኖረዋል። ይህ የመንገዱን መሥመሮች በሙሉ ይሸፍናል። ትልቅ የጭነት መኪና ከትንሽ አውቶሞቢል ይልቅ ብዙ ሞገድ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ከነበሩ ቁጥሩ የየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሌዘር የሚሠራው መሣሪያ ግን ይህ ችግር እጅግ ያንሰዋል። የብርሃን ምት እየላከ ርቀቱ በምን ያህል እንደቀነሰ ይቆጥራል፤ ጨረሩም 300 ሜትር ላይ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዱን መኪና ነጥሎ ያነጣጥራል።

ሁለተኛው ተገቢ ጥያቄ መሣሪያው ተፈትሿል ወይ የሚለው ነው። ሚዛን በየጊዜው እንደሚፈተሽ ሁሉ ራዳርም ይፈተሻል። አንዱ ዘዴ ሲመቱት ዘወትር አንድ ዓይነት ንዝረት የሚሰጥ ባለ ሁለት ጣት ብረት ፊቱ ላይ ይዞ ትክክለኛውን ቁጥር ማሳየቱን ማየት ነው። የፍተሻ መዝገብ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሥጋ ቤት ሚዛኑን እንደማየት ነው።

«የእኔ ቆጣሪ ያሳየው ግን ያነሰ ነበር»

ይህ ብዙ ጊዜ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ ከእውነተኛው አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል። አብዝቶ ማሳየት ግን ይፈቅዳል፤ እስከ 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ በእውነቱ 100 የሚሄድ መኪና ቆጣሪው ላይ እስከ 114 ሊያሳይ ይችላል። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበዛዋል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም ጎማ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ከፋብሪካው መጠን 5 በመቶ የሚተልቅ ጎማ ከተገጠመ በእያንዳንዱ ዙር የሚኬደው መንገድ 5 በመቶ ይጨምራል፤ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። ቢሆንም ጎማውን የቀየረው ባለቤቱ ነውና ይህም ክሱን አያፈርስም። ጥቅሙ ከክሱ በፊት ማወቁ ላይ ነው።

ራዳር በሌለበት ፍጥነት ሊታወቅ ይችላል?

በማካፈል። በ2007 መጀመሪያ ላይ የተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ገብቶ በ40 ደቂቃ አዳማ የወጣ መኪና በአማካይ ከ127 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት ነድቷል፤ የትም ቦታ ማንም ባያየውም። በኢጣሊያና በብሪታንያ ይህንኑ ስሌት የሚሠሩ ካሜራዎች አሉ፤ ሁለት ቦታ ላይ ታርጋውን አንሥተው በመካከሉ ያለፈውን ደቂቃ ይቆጥራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ካሜራ ሲያዩ ብቻ ፍሬን መያዝ አይረዳም።

ወረቀቱን እንደተቀበልኩ ምን ልይ?

ታርጋውን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ አቅጣጫውን፣ ሁለቱን ቁጥሮች። ስምዎ «ሃ» በሚለው ፋንታ በ«ሐ» ስለተጻፈ ክስ አይወድቅም። የሌላ ሰው ታርጋ ከተጻፈ ወይም በዚያ ሰዓት እርስዎ በሌላ ከተማ እንደነበሩ ማሳየት ከቻሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሣሪያው 8፡15 ቢል እና ወረቀቱ ከጠዋቱ 2፡15 ቢል ስህተት አይደለም፤ አንዱ በፈረንጅ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚህ ተከራክሮ ሊረታ የተዘጋጀ ሰው አጋጥሞኛል፤ ከማስረዳቴ በፊት ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ያሳዝን ነበር።

ቆመው ሳሉ የመሣሪያውን ንባብ ለማየት በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። መንገድ ዳር ላይ መጨቃጨቅ ግን ክሱን አያነሣም፤ የሚከራከሩበት ቦታ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክሱን አልቀበልም የሚል ሰው ወረቀቱ ላይ የተመለከተው ቀን ሳያልፍ፣ ሳይከፍልም፣ ማመልከት ይኖርበታል። ከከፈሉ በኋላ «አልፈጠንኩም» ማለት እጅግ ይከብዳል። ቀኑን አሳልፎ ወረቀቱን መኪናው መሳቢያ ውስጥ መርሳት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ስለ ስንት ደቂቃ ነው?

85 ኪሎ ሜትር በ100 ሲነዳ 51 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ120 ሲነዳ 42 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ ስምንት ደቂቃ ተኩል ነው። ክስ ለማስጻፍ የሚቆምበት ጊዜ ብቻ ይህን ይበላዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በሌላ በኩል ያለው ስሌት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ80 የሚሄድ መኪና አንድ ልጅ መንገድ ሲገባ አይቶ፣ አንድ ሴኮንድ ደንግጦ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ቢይዝ 57 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ100 የሚሄደው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍሬን፣ ገና 68 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየተንደረደረ ነው። ሃያ የነበረው ልዩነት ስልሳ ስምንት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል።

ያኔ ጉዳዩ የትራፊክ ወረቀት መሆኑ ያበቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል፤ ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ በመጣስ ለደረሰ ሞት ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። የፍጥነት ወሰን ከእንዲህ ዓይነት ግልጽ ደንቦች አንዱ ነው። በዚያ ችሎት ፊት «ቸኩዬ ነበር» የሚለው ቃል ከማመካኛነት አልፎ ሆን ተብሎ መጣሱን የሚያስረዳ ማስረጃ ይሆናል።

ወደ አባዱላው ልመለስና፣ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ያሸነፍናቸው መኪናዎች አንድ በአንድ እየመጡ ከጎናችን ቆሙ። ሹፌሩ መሪውን በጣቱ እየደበደበ ዝም ብሏል። እኒያ እናት ከኋላ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉትና፣ «ልጄ» አሉት፣ «ለመሆኑ በሽታዬ ምን ነበር?»